ራጅ ክፍላችን አካባቢን እንዳይጎዳ፦ ከድጋሚ ፊልም እስከ አሮጌ ኤፕረን

የራጅ ባለሙያ ነኝ። ሥራ የጀመርኩት በአንድ የዞን ሆስፒታል፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም በእጄ እያጠብኩ ነው። አሁን አዲስ አበባ ውስጥ ሲቲ ስካን ላይ እሠራለሁ። ይህን የምጽፈው ከሁሉ በፊት ለሥራ ባልደረቦቼ ነው፦ ለራጅ ባለሙያዎች፣ ለባዮሜዲካሎች (የሕክምና መሣሪያ ጠጋኞች)፣ ምርመራ ለሚያዝዙ ሐኪሞች። ታካሚና አስታማሚም የሚጠቀሙበት ነገር አለው።

ተማሪ ሳለን ስለ ጨረር አጥብቀው አስተምረውናል። ታካሚውን፣ ራሳችንን፣ በሩ ላይ የቆመውን ሰው እንዴት እንደምንጠብቅ እናውቃለን። ከክፍላችን ወጥቶ ወደ አየሩና ወደ ውሃው ስለሚሄደው ነገር ግን ብዙ አይወራም። የጄኔሬተር ጭስ አለ። የፊልም ማጠቢያ ፈሳሽ አለ። ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ሥር የሚሰጥ፣ በታካሚው ሽንት የሚወጣ ኮንትራስት አለ። ጨረር በሚከልለው ልብሳችን በኤፕረኑ ውስጥ ያለ የእርሳስ ብረት አለ፣ ፕላስቲክ አለ። ይሄን ሁሉ መቀነስ ይቻላል። አብዛኛው ደግሞ በጀት አይጠይቅም።

መጀመሪያ ሒሳቡን በአገራችን ዓይን

በአውስትራሊያ ሜልቦርን የተሠራና በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። አንድ ምርመራ ስንት ኪሎ ካርቦን ወደ አየር እንደሚለቅ አስልቷል። ኤምአርአይ 17.5 ኪሎ፣ ሲቲ ስካን 9.2 ኪሎ፣ የደረት ራጅ 0.76 ኪሎ፣ አልትራሳውንድ ግማሽ ኪሎ ገደማ። በአንድ ሲቲ ፋንታ 17 ያህል አልትራሳውንድ ማንሳት ይቻላል ማለት ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ የስዊዘርላንዱ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 3 ሲቲና 4 ኤምአርአይ ማሽኖቹ ማቀዝቀዣውን ጨምሮ ከሆስፒታሉ ጠቅላላ ኃይል 4 በመቶውን እንደሚበሉ አሳየ። እኔን የገረመኝ ግን ይሄ ነው፦ ሲቲው ከሚበላው ኃይል ሁለት ሦስተኛው የሚሄደው ታካሚ ሳይኖር፣ ማሽኑ በርቶ ዝም ብሎ በሚጠብቅበት ሰዓት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ ወደ እኛ ማምጣት ግን ያሳስታል። ሜልቦርን ያለችበት የቪክቶሪያ ግዛት መብራቷን በብዛት የምታገኘው ከድንጋይ ከሰል ነው። የእኛ መብራት ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ ኃይል የሚመጣ ነው። መብራት እስካለ ድረስ የእኛ ማሽን ጭስ የለውም ለማለት ይቀርባል። መብራት ሲጠፋ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ከዚያ ሊትር ጄኔሬተሩ የሚሰጠው 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው።

ሌላው መንገዱ ነው። ሲቲ ለመነሳት ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ የሚመጣ ታካሚ አስቡ። አንድ መንገድ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ደርሶ መልስ 260። ሚኒባሱ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ሊትር ናፍጣ ይበላል፣ 12 ሰው ጭኗል ብለን እንያዝ። ናፍጣው 26 ሊትር፣ ልቀቱ 70 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ለአንድ ሰው ወደ 6 ኪሎ ደረሰው። ታካሚ ደግሞ ብቻውን አይመጣም፣ አስታማሚ ይዞ ነው። 12 ኪሎ። ሜልቦርን ውስጥ አንድ ሲቲ ስካን በከሰል መብራት ከሚለቀው በለጠ። የተሳፈሩበትን፣ ያደሩበትን፣ ያልሠሩበትን ቀን ኪሳራ ሳንቆጥር።

ስለዚህ አቋሜን ልናገር። ውጭ አገር ያሉ ባልደረቦቻችን ማሽን ከማጥፋት ቢጀምሩ ያምርባቸዋል። እኛ መጀመር ያለብን ከሚደገመው ምርመራና በከንቱ ከሚኬደው መንገድ ነው።

ታካሚው ከቤቱ ሳይነሳ ደውሉ

ቀጠሮ መዝገብ ላይ ስልክ ቁጥር አለ። ለቀጠሮ ብቻ የተጻፈ ይመስል ማንም አይደውልበትም። ከአንድ ቀን በፊት አንድ ሰው ይመደብና ለነገዎቹ ሁሉ ይደውል። ከሩቅ ከሚመጡት ይጀምር። የሚጠየቀው ነገር አጭር ነው፦

- ኮንትራስት ያለው ከሆነ የክሬአቲኒን (የኩላሊት ምርመራ) ውጤት አለዎት? ከሌለ እዚያው በአቅራቢያዎ ተሠርቶ ይምጡ።
- ከዚህ በፊት የተነሱት ራጅ፣ ሲቲ ወይም ሲዲ ካለ ይዘው ይምጡ፤ የተበላሸ ቢመስልዎትም።
- የስኳር መድኃኒት ይወስዳሉ? ስሙን ያንብቡልኝ። ለመድኃኒት ወይም ለመርፌ አለርጂ አለብዎት?
- ለሴቶች፦ እርግዝና ሊኖር ይችላል?
- ጾም የሚያስፈልግ ከሆነ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሆነ በግልጽ ይነገራቸው። «ባዶ ሆድ ይምጡ» ብቻ ከተባሉ ውሃም መድኃኒትም ትተው፣ ተዳክመው ይደርሳሉ።

ማሽን ሲበላሽም እንደዚያው ነው። ማሽኑ ሲቆም ጠዋት በሩ ላይ ወረቀት እንለጥፋለን። ወረቀቱን የሚያነበው ግን ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው ነው። ብልሽቱ በታወቀ ሰዓት የነገዎቹና የከነገ ወዲያዎቹ ይደወልላቸው። ለዚህ የሚወጣው የስልክ ካርድ አንድ ታካሚ በከንቱ ከሚከፍለው ትራንስፖርት አይበልጥም።

ድጋሚን መቀነስ

በፊልም ጊዜ የተበላሸው ቅርጫት ውስጥ ይታይ ነበር። አለቃ መጥቶ ቆጥሮ ይቆጣል። ዲጂታል ሲመጣ ‹ዲሊት› ተብሎ ያልፋል፣ ማንም አያየውም። እያንዳንዱ ድጋሚ ግን ለታካሚው ተጨማሪ ጨረር ነው፣ ጨረሩን ለሚያመነጨው ቱቦ ዕድሜ መቀነስ ነው፣ ጄኔሬተር ላይ ካለን ናፍጣ ነው። የኤክስሬይ ቱቦ ሲቃጠል ደግሞ አዲሱ በአውሮፕላን ነው የሚመጣው።

አንድ ደብተር ክፈቱ። ቀን፣ የተነሳው አካል፣ የተደገመበት ምክንያት፣ በቃ። የሠራውን ሰው ስም አትጻፉ። ስም ከተጻፈ ሰው እውነቱን አይሞላም። በወሩ መጨረሻ ምክንያቶቹን ደምሩ። ብዙ ቦታ ሦስት ምክንያቶች ብቻ አብዛኛውን ይዘው ታገኛላችሁ፦ አቀማመጥ፣ ትንፋሽ እና ሰውነት ላይ የቀረ ነገር።

ይህችን የመጨረሻዋን ልዘርዝር፤ የእኛው ናትና። የደረት ራጅ ለመነሳት የመጡ እናት ቁጭ ብለዋል። ሹሩባቸው ትከሻቸው ላይ ወርዷል፣ ነጠላ ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ ማተብና መስቀል አለ። ሹሩባው ሳንባው ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል። ቲቢ ደግሞ የሚወደው ያንኑ ጫፍ ነው። ጥላውን ያየ ሐኪም ይጠራጠራል። ወይ ይደገማል፣ ወይ ሲቲ ይታዘዛል፣ ወይ ያለ በሽታ መድኃኒት ይጀመራል። ስለዚህ ፀጉሩ ወደ አናት ተጠቅልሎ ይታሰር። መሀረብ ወይም ላስቲክ ራጅ ክፍል ውስጥ አይጥፋ።

መስቀሉን «ያውልቁት» ማለት ብዙ ሰው ያስከፋል። ማተቡ የታሰረ ነው፣ መበጠስ አይፈልጉም፣ ልክ ናቸውም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ «እማማ፣ አላስወልቅዎትም፤ መስቀሉን ብቻ በከንፈርዎ ያዝ ያድርጉልኝ።» አገጭ ከፍ ሲል መስቀሉ ከሳንባው በላይ ይወጣል። ማንም አይከፋም፣ ፊልሙም ንጹሕ ይወጣል። ክታብም ካለ እንደዚሁ። አንዳንዱ ክታብ በቆዳ የተሰፋ፣ ውስጡ ብረት ያለው ነው። በጨዋነት ከጠየቃችሁ ራሳቸው ወደ ጀርባ ወይም ወደ ላይ ያዞሩታል።

ትንፋሽ ሌላው ነው። «አየር ይሳቡ፣ ይያዙ» የሚለውን ቁልፉን ከመጫናችሁ በፊት አንዴ አለማምዱ። ትከሻቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ሆዳቸው ካልተንቀሳቀሰ አልሳቡም። ጥሩ የተሳበ ደረት ላይ ከዲያፍራም (ደረትን ከሆድ ከሚለየው ጡንቻ) በላይ 9 ወይም 10 የኋላ ጎድን ይቆጠራል። አማርኛ የማይሰማ ታካሚ ሲመጣ በምልክት አትታገሉ። የክፍላችሁ ሰው ሁሉ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር በኦሮምኛና በአካባቢው ቋንቋ ይልመድ። ግድግዳው ላይ ጻፏት።

ሲቲ ላይ ደግሞ ብዙ ድጋሚ የሚመጣው ከመርፌው ነው። ኮንትራስቱ ከደም ሥር ወጥቶ ክንድ ያሳብጣል፣ ምርመራው ይቋረጣል፣ ሌላ ጠርሙስ ይከፈታል። ፒንኩ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚተከለው ቀጭን ቱቦ)፣ ክርን መታጠፊያ ላይ፣ አስቀድሞ በሳላይን (በጨው ውሃ) ተፈትኖ ይሁን። እጅ ጀርባ ላይ የተተከለ አሮጌ ካኑላ ካያችሁ አትመኑት። ስካኑም ከታዘዘው አካል አይለፍ። «ለማንኛውም» ተብሎ ከዳሌ በታች የሚወርድ ስካን ጨረርም ጊዜም ብክነትም ነው። ሐኪሙ አንድ ጊዜ ብቻ በኮንትራስት ማየት የሚበቃው ከሆነ ያለ ኮንትራስት፣ ከኮንትራስት ጋር፣ እንደገና ዘግይቶ እያልን ሦስት ጊዜ አናንሳ። ፕሮቶኮሉን ከራዲዮሎጂስቱ ጋር ቁጭ ብላችሁ በየበሽታው ጻፉት።

ሳይታዘዝ የሚቀር ምርመራ

ይህ ለሐኪሞችና ለታካሚዎች ነው። የወገብ ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ኤምአርአይ አያስፈልገውም። አብዛኛው የወገብ ሕመም በ6 ሳምንት ውስጥ እየተሻለው ይሄዳል። መነሳት የሚያስፈልገው ሌላ ምልክት ሲኖር ነው፦ እግር መዛል፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስ፣ ከዚህ በፊት ካንሰር የነበረበት ሰው፣ ከባድ ውድቀት። በእኛ አገር የጀርባ አጥንት ቲቢም አይረሳ። ከእነዚህ አንዳቸውም ሳይኖሩ «ለአእምሮዬ እረፍት» ብሎ መነሳት ብዙ ጊዜ እረፍት አይሰጥም። በዕድሜ የሚመጣ ተራ የዲስክ ለውጥ ይታይና ሰውየው ሕመምተኛ ሆኖ ይመለሳል።

ልጅ ሆዱን ሲያመው፣ የኩላሊት ጠጠር ሲጠረጠር፣ ሐሞት ከረጢት ሲታይ መጀመሪያ አልትራሳውንድ። ጨረር የለውም፣ ርካሽ ነው፣ ወረዳ ላይም ይገኛል። ሲቲ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ይታዘዛል።

ታካሚዎች ደግሞ አሮጌ ፊልማችሁን አትጣሉ፣ አትደብቁትም። አዲስ ይሻላል ብሎ የድሮውን ቤት ትቶ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ሐኪሙ ግን ማወዳደር ይፈልጋል። ሳንባ ላይ ያለች ነጠብጣብ ከሦስት ዓመት በፊትም እንደዚያው ከነበረች ብዙ ጊዜ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። ፊልሙን ሳትጠቀልሉ፣ ከፀሐይና ከምድጃ ራቅ አድርጋችሁ፣ ፍራሽ ሥር ሳይሆን ጠፍጣፋ ቦታ አስቀምጡ። ሲዲ ካላችሁ ላዩ ላይ ስምና ቀን በማርከር ይጻፍ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የፀሐይ ግርዶሽ በታየ ጊዜ በራጅ ፊልም ለማየት የፈለገ ሰው ነበር። ፊልሙ ዓይንን ከፀሐይ አይከላከልም። ልጆች ለዚያ እንዳይጠቀሙበት ንገሯቸው።

ምስል በቴሌግራም መላላክ ዛሬ የተለመደ ነው። ብዙ መንገድ ያድናል፣ አልቃወምም። የታካሚው ስምና ካርድ ቁጥር ተሸፍኖ፣ በፈቃዱ፣ ለሚያክመው ሐኪም ብቻ ይሁን። ስክሪን በስልክ ፎቶ ተነስቶ የሚላክ ምስል ግን ለውሳኔ አይበቃም። ትንንሽ ነገር ይጠፋበታል፣ መጨረሻው ድጋሚ ይሆናል። በሲዲ ወይም በፍላሽ ዋናው ፋይል ይሂድ።

ከ11 ሰዓት በኋላ

ሳምንቱ 168 ሰዓት ነው። አንድ የተመላላሽ ታካሚ ሲቲ በቀን 9 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ቢሠራ 45 ሰዓት ይሆናል። 123ቱን ሰዓት በርቶ የሚጠብቀው ማንን ነው?

ድንገተኛ ክፍል የሚጠቀምበት ሲቲ አይጥፋ። ጭንቅላቱ የደማ ሰው ማሽን እስኪሞቅ አይጠብቅም። ሁለተኛው ሲቲ፣ የተመላላሽ ራጅ፣ ማሞግራፊ ግን ማታ መጥፋት ወይም ወደ ዝቅተኛው ሁኔታ መውረድ ይችላሉ። ከመንካታችሁ በፊት ባዮሜዲካላችሁን ጠይቁ፣ መመሪያውን አንብቡ። አንዳንድ ሲቲ ዲቴክተሩ ሙቀቱን እንዲጠብቅ ጋንትሪው (ታካሚው የሚገባበት ክብ አካል) በርቶ ኮንሶሉ (ማዘዣው ኮምፒውተር) ብቻ እንዲጠፋ ይፈልጋል። የሚጠፋበት ቅደም ተከተል አለው። ያንን ቅደም ተከተል በአማርኛ፣ በትልቁ ጽፋችሁ ኮንሶሉ ጎን ለጥፉት። ጠዋት ቱቦው የሚሞቅበትና ካሊብሬሽን የሚሠራበት ጊዜም ይታሰብ። ተረኛው ከመጀመሪያው ታካሚ ትንሽ ቀድሞ ይግባ።

ሪፖርት ማንበቢያ ስክሪኖች፣ የፊልም ማተሚያው፣ የአልትራሳውንድ ማሽኖች፣ መተላለፊያው ላይ ያሉ መብራቶች ያለ ምንም ጥያቄ ይጥፉ። ኤሲውን ማሽኑ ከሚፈልገው በታች አታውርዱት። ሙቀቱ ስንት መሆን እንዳለበት መመሪያው ላይ ተጽፏል። ክፍሉ ውስጥ ጃኬት ለብሳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ኤሲው እየባከነ ነው። አልትራሳውንድ ላይ ከታካሚ ጋር ስታወሩ ‹ፍሪዝ› ተጫኑ። ፕሮቡም ዕድሜው ይረዝማል።

ጄኔሬተር በሚነሳባቸው ሰዓቶች ደግሞ ቀጠሮ አስተካክሉ። መብራት እንደሚቋረጥ አስቀድሞ ከተነገረ አስቸኳይ ያልሆነውን አዙሩት። ናፍጣው ለማዋለጃና ለኦፕሬሽን ክፍል ይትረፍ።

ኤምአርአይ ያላችሁ ጥንቃቄ አድርጉ። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ተሠርቶ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ማሽኑን ማታ ለ12 ሰዓት ከመጠባበቅ ወደ መጥፋት ማውረድ የኃይል ፍጆታውን ከ25 እስከ 33 በመቶ ቀንሷል። ‹መጥፋት› ሲባል ግን ማቀዝቀዣው አይነካም። ማግኔቱ የሚኖረው ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ሂሊየም ውስጥ ነው። በብዙዎቹ ማሽኖች ከ1,500 እስከ 2,000 ሊትር አለ። የሚያቀዘቅዙት ኮምፕረሰሩና ቺለሩ ሲቆሙ ሂሊየሙ እየተነነ ይወጣል። የወጣው አይመለስም፣ ከባቢ አየሩን ጥሎ ይሄዳል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ቺለሩ ጄኔሬተር ላይ መሆኑን ሁልጊዜ አረጋግጡ። እዚህ ላይ ናፍጣ አይሰሰትም።

ፊክሰሩን አትድፉት

ጨለማ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ዛሬም አሉ። ለእነሱ ይህ ክፍል ከሁሉ ይበልጣል። ፊልሙ ላይ ያለው የብር ማዕድን ሲታጠብ ምስሉን ፊልሙ ላይ ወደሚያጸናው ፈሳሽ፣ ወደ ፊክሰሩ ይገባል። ያረጀ ፊክሰር በአንድ ሊትር ውስጥ ጥቂት ግራም ብር ይይዛል። ብር ባክቴሪያ ይገድላል፣ በውሃ ውስጥ ያለውን ሕይወት ይጎዳል። ሴፕቲክ ታንክ ውስጥ ሲደፋ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ተህዋስያንም ያጠቃል።

በመጀመሪያ ሳያረጅ አትጣሉት። ያልታጠበ ፊልም ቁራጭ፣ ያችን ወተት የመሰለች፣ ትኩስ ፊክሰር ውስጥ ክተቱና ጥርት እስክትል ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። ቁጥሩን ታንኩ ላይ ጻፉት። በየሳምንቱ በሌላ ቁራጭ ድገሙ። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ያኔ ፊክሰሩ አርጅቷል። በቀን ቆጥሮ መቀየር ብዙ ጊዜ ደህናውን መድፋት ነው።

ብር እንዳለው ለማየት የመዳብ ሽቦ በብርጭቆ ወረቀት አጽዱና አንድ ደቂቃ ያህል ንከሩት። ነጭ ሽፋን ከያዘ ብር አለው። ያረጀው በፕላስቲክ ጀሪካን፣ ‹ያረጀ ፊክሰር፣ አይጠጣ፣ አይደፋ› ተብሎ ተጽፎበት ይቀመጥ። ምስሉን ከሚያወጣው ፈሳሽ፣ ከዴቨሎፐር ጋር በጭራሽ አይቀላቀል፤ የአሞኒያ ጋዝ ይወጣል፣ ብሩንም ማውጣት ያስቸግራል።

ብሩን ለማውጣት ቀላሉ መንገድ ፈሳሹን በሚዝግ የብረት ሽቦ ውስጥ ቀስ አድርጎ ማሳለፍ ነው። ድስት እንደምንፈገፍግበት ያለ ቀጭን ሽቦ፣ ግን የማይዝገው ዓይነት አይሠራም። ብረቱ ወደ ፈሳሹ ይገባል፣ ብሩ እንደ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ከታች ይቀራል። ጓንትና መነጽር አድርጋችሁ፣ አየር ባለው ቦታ፣ ከባዮሜዲካልና ከአካባቢ ጤና ባለሙያው ጋር ሁኑ። ጭቃው በንብረት ክፍል በኩል ተመዝግቦ፣ በጨረታ ፈቃድ ላለው ገዢ ይሸጥ። የወጣው ፈሳሽም ቢሆን ሜዳ ላይ አይደፋም፣ ወደ ሆስፒታሉ የፍሳሽ ማከሚያ ነው። አሮጌ ፊልሞችም ብር አላቸው። ማቃጠል ክልክል ይሁን፤ ፕላስቲኩ መጥፎ ጭስ ያወጣል። የታካሚ ስም ስላለባቸውም እንዲሁ ለቆራሌ አይሰጡም።

ኮንትራስት

ኮንትራስት ሰውነት ውስጥ አይለወጥም። ኩላሊቱ ጤነኛ በሆነ ሰው ከ90 በመቶ በላይ በ24 ሰዓት ውስጥ በሽንት እንዳለ ይወጣል። የፍሳሽ ማጣሪያዎችም ብዙውን አይይዙትም። የኤምአርአዩ ኮንትራስት ጋዶሊኒየም በጀርመን ወንዞች ውስጥ መገኘቱ በ1996 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። የአዲስ አበባ ፍሳሽ ብዙው መጨረሻው አቃቂ ወንዝ ነው። በዚያ ውሃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ወደ ማዕዳችን ይመጣል። ይህን እያሰብኩ ነው ጠርሙስ የምከፍተው።

መጠኑን በክብደት አስሉ። ሚዛን ሲቲ ክፍል ውስጥ ይኑር፣ በግምት አይሁን። 50 ኪሎ ለሆነች ሴት ሙሉ 100 ሚሊ ሊትር መስጠት የልማድ ነገር ነው። ትንሿን ጠርሙስ አብራችሁ አስገዙ። የተረፈውን ለሌላ ታካሚ አትስጡ፤ ለብዙ ሰው የተሠራ ማሸጊያ ካልሆነ ኢንፌክሽን ያስተላልፋል። ሲንክ ውስጥም አትድፉ። ወደ መድኃኒት ቆሻሻ መያዣው ይግባ። በ2022 እ.ኤ.አ. የኮንትራስት ፋብሪካ ያለባት ሻንጋይ በኮቪድ ስትዘጋ የዓለም የኮንትራስት አቅርቦት በድንገት ሲቀንስ ብዙ ሆስፒታሎች በትንሽ መጠን መሥራት እንደሚቻል ተገድደው አዩ። ለመቆጠብ እጥረት አንጠብቅ።

አሮጌ ኤፕረን፣ አሮጌ ማሽን

ኤፕረን አይታጠፍም። የታጠፈበት ላይ ውስጡ ያለው እርሳስ ይሰነጠቃል፣ ከውጭ ግን ጨርቁ ደህና ይመስላል። ሰፊ መስቀያ ላይ ይሰቀል። በዓመት አንድ ጊዜ ራጅ አንስታችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። የተሰነጠቀው ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ተመዝግቦ፣ ተቆልፎ ይቀመጥ። ለቆራሌ አይሸጥ። የሚገዛው ሰው እሳት ላይ ያቀልጠዋል። ጭሱን የሚተነፍሱት ልጆቹ ናቸው። እርሳስ ደግሞ የልጅ አእምሮ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። እርሳስ ለማቅለጥ ፈቃድ ያለው ድርጅት እስኪገኝ ድረስ መጋዘን ውስጥ መቆየቱ ይሻላል።

የሆስፒታል ጓሮዎችን ታውቋቸዋላችሁ። በእርዳታ መጥቶ አንድ ዓመት ሠርቶ የቆመ ራጅ፣ ሳር በቅሎበት፣ ዝናብ እየዘነበበት። ቱቦው ውስጥ ዘይት አለ፣ እርሳስ አለ፣ ብረቱ ስለታም ነው። ልጆች ይጫወቱበታል። አዲስ ማሽን ሲገዛ ወይም በስጦታ ሲመጣ ግዢ ኮሚቴው ውስጥ ካላችሁ ከመፈረሙ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ሥራ ሲፈታ ስንት ኪሎዋት ይበላል? ማታ ማጥፋት ይፈቀዳል? መለዋወጫ ለስንት ዓመት ይቀርባል? የሚያሠለጥነው ማን ነው? አሮጌውን ማን፣ በማን ወጪ፣ በስንት ወር ውስጥ ያነሳዋል? መልሱ በቃል ሳይሆን ውሉ ላይ ይግባ። አቅራቢው አሮጌውን አላነሳም ካለ ደግሞ የማንሻው ወጪ ከዋጋው ላይ ይቀነስና ለዚያው ሥራ ይያዝ።